የአኒችኮቭ ጥንቸሎች

ስለ ፓቭሎቭ ውሾች ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ምግብ ሊመጣ ነው ብለው ምራቃቸው የሚንጠባጠበው ውሾች ከመጀመሪያ ዓመት የሳይኮሎጂ ትምህርት አልፈው የቀልድ መነሻ ሆነዋል። ፓቭሎቭ በሠራበት በዚያው ከተማና በዚያው ተቋም፣ ከጥንቸሎች ጋር ዕድሜውን የጨረሰ ሌላ ሐኪም ግን ነበር። ወላጆቻችን በየዓመቱ የደም ምርመራ አድርገው ውጤቱን በጭንቀት የሚጠብቁት ያ ኮሌስትሮል የሚባል ቁጥር፣ ብዙዎቻችን ቤት በየማታው የሚዋጠው ክኒን፣ ሌላው ቀርቶ በበዓል ቀን ከዶሮው ወጥ እንቁላሉን ማን ይብላ፣ ማን ይተው የሚለው ክርክር፣ ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው እሱ ዘንድ ነው። ስሙ ኒኮላይ ኒኮላዬቪች አኒችኮቭ ይባላል።

እኔ የነርሲንግ ተማሪ እንጂ የታሪክ ሰው አይደለሁም። ስሙን መጀመሪያ ያየሁት በፓቶሎጂ መጽሐፋችን ውስጥ፣ ከአንዲት ትንሽ የማይክሮስኮፕ ሥዕል ግርጌ ነበር፤ ያውም ከኮሌስትሮል ጋር ምንም በማይገናኝ ምዕራፍ። ሰውየው ማን ነው ብዬ ስከተለው እዚህ ደረስኩ። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አኒችኮቭ ኖቬምበር 3 ቀን 1885 በሴንት ፒተርስበርግ ተወለደ። ቤተሰቡ የተማረና የተደላደለ ነበር፤ አባቱ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የትምህርት ምክትል ሚኒስትር እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነው። ልጁ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1896፣ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ከአድዋ ጦርነት በኋላ ቁስለኞቻችንን ሊያክሙ አዲስ አበባ ገቡ። ይህ ከእሱ ሕይወት ጋር የሚያያዝ ነገር የለውም፤ ሁለቱ ዓመቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ደስ ስላሉኝ ነው የጻፍኩት። በ1909 በከተማው ካለው የንጉሠ ነገሥቱ ወታደራዊ የሕክምና አካዳሚ ሐኪም ሆኖ ተመረቀ። እዚያ ፊዚዮሎጂ ያስተምር የነበረው ፓቭሎቭ ራሱ ነበር።

አኒችኮቭ ግን ከበሽተኛ አልጋ ይልቅ ማይክሮስኮፕ የሚስበው ዓይነት ሐኪም ሆነ። ለዶክትሬቱ የመረጠው የልብ ጡንቻ ሲቆጣ ምን እንደሚሆን ማጥናት ነበር፤ በ1912 ጨረሰው። በዚያ ሥራ ላይ አንድ ለየት ያለ ሴል በዝርዝር ገለጸ፤ የሴሉ እምብርት ውስጥ ያለው ነገር ተጠማዞ ሲታይ ቁርጥ አባጨጓሬ ይመስላል። እኔ በመጽሐፉ ላይ ያየሁት ሥዕል ይህ ነው፤ ዛሬም የአኒችኮቭ ሴል ይባላል። የሚታየው በአብዛኛው የሩማቲክ ትኩሳት ያጠቃው ልብ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ይህ ነገር ከአገራችን ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ የልብ ቀዶ ሕክምና ወረፋ ከሚጠብቁት ልጆችና ወጣቶች ብዙዎቹን ያሳመማቸው ቅባት አይደለም። በልጅነት በአግባቡ ሳይታከም የቀረ፣ በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም ነው፤ እኛ በደፈናው ቶንሲል የምንለው። ሰውነት ባክቴሪያውን ሊዋጋ የተነሣበት ኃይል ዞሮ የራሱን ልብ ይመታል፣ በሮቹን ያበላሻል። እኛ እዚህ ዲያስፖራ ያለን ሰዎች ስለ ልብ ስናወራ የምናወራው ስለ ኮሌስትሮል ነው፤ አገር ቤት ያሉ የአክስቶቻችን ልጆች ግን ብዙ ጊዜ የሚታመሙት በሌላኛው ነው። የሚገርመኝ የአንድ ሰው ስም በሁለቱም ላይ መገኘቱ ነው።

አሁን ወደ ጥንቸሎቹ።

ያን ጊዜ የደም ቅዳ መደደር እንደ ሽበት ነበር የሚታየው። ሰው ያረጃል፣ ፀጉሩ ይሸብታል፣ ደም ቅዳዎቹ ይጠነክራሉ፤ ማን ምን ያደርገዋል? አተሮስክሌሮሲስ የሚለውን ቃል ጀርመናዊው ፌሊክስ ማርሻንድ ያወጣው በ1904 ነው። ከሁለት የግሪክ ቃላት ገጠመው፤ የመጀመሪያው ገንፎ ማለት ነው፣ ሁለተኛው ጠጣር። ገንፎ ማለቱ ለእኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የታመመ ደም ቅዳ ተቀዶ ሲታይ ከግድግዳው ላይ ቢጫ፣ ልስልስ ያለ ነገር ይወጣል። በ1910 ኬሚስቱ አዶልፍ ቪንዳውስ ይህን ገንፎ ለክቶ ኮሌስትሮል የሞላበት መሆኑን አሳየ፤ ከጤነኛው ግድግዳ ጋር ሲወዳደር አንደኛው የኮሌስትሮል ዓይነት 6 እጥፍ፣ ሌላኛው 20 እጥፍ ሆኖ አገኘው። ነገር ግን እሳት ያለበት ቦታ ሁሉ ውሃ የያዘ ሰው ቢገኝ፣ እሳቱን ያስነሣው እሱ ነው አይባልም። ኮሌስትሮሉ በሽታውን ያመጣ ነው ወይስ በሽታው ከመጣ በኋላ የተጠራቀመ? ይህን ከሬሳ ላይ ማወቅ አይቻልም።

በዚያው አካዳሚ አሌክሳንደር ኢግናቶቭስኪ የሚባል ሐኪም በ1908 አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር። የተነሣው ከኢሊያ ሜችኒኮቭ ሐሳብ ነው፤ ፕሮቲን የበዛበት ምግብ እርጅናን ያፋጥናል ከሚለው። ኢግናቶቭስኪ ለጥንቸሎች ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አበላቸው። ጥንቸል ሥጋና እንቁላል ስትበላ ማሰብ በራሱ ያስቃል፤ ውጤቱ ግን አያስቅም ነበር። አኦርታቸው እንደ ሽማግሌ ሰው አኦርታ ሆነ። እሱም ጥፋተኛው ፕሮቲኑ ነው ብሎ ደመደመ። ቀጥሎ ስቱኪ የሚባል ሌላ ሐኪም ምግቡን ነጣጠለው፤ ለአንዱ ቡድን ሥጋ ነክ፣ ለአንዱ የእንቁላል ነጩን፣ ለአንዱ አስኳሉን ሰጠ። የታመሙት አስኳል የበሉት ብቻ ሆኑ። ፕሮቲን የሞላው ደግሞ ነጩ ነው። ስለዚህ ፕሮቲን ከክሱ ነጻ ወጣ ማለት ነው፤ ግን በአስኳል ውስጥ ያለው ነገር ብዙ ነው፣ የትኛው?

አኒችኮቭና ተማሪው ሴምዮን ሃላቶቭ የገቡት እዚህ ላይ ነው። ንጹሕ ኮሌስትሮል ወሰዱ፣ በሱፍ ዘይት አሟሙ፣ ለጥንቸሎች ሰጡ። ለማወዳደሪያ የተለዩ ሌሎች ጥንቸሎች ደግሞ ያንኑ የሱፍ ዘይት ያለ ኮሌስትሮል አገኙ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነገር ብቻ ነው። እኛ በጾም ሱፍ ፍትፍት የምንሠራበት ያ ሱፍ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል ቦታ እንዳለው ማን ያውቃል? ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ኮሌስትሮል የበሉት ጥንቸሎች ደም ቅዳ ላይ ያ የታወቀው ቢጫ ነገር ታየ፤ ዘይት ብቻ የጠጡት ላይ አልታየም። በ1913 ሥራው በጀርመንኛ ታተመ። አኒችኮቭ ገና 27 ዓመቱ ነበር።

በክፍል ውስጥ ስለ ማወዳደሪያ ቡድን ስንማር ነገሩ ደረቅ ሕግ ይመስለኝ ነበር። ከኢግናቶቭስኪ እስከ አኒችኮቭ ያሉትን ሦስቱን ሙከራዎች በተርታ ሳነባቸው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። ኢግናቶቭስኪ ያየው ነገር እውነት ነበር፤ የተሳሳተው ስም ሲያወጣለት ነው። አንድን ነገር ከሌላው እስኪለዩ ድረስ የሚታየው እውነት የተሳሳተ ሰው ያስከስሳል።

አኒችኮቭ ኮሌስትሮል ያሳምማል ብሎ ቢያቆም ኖሮ ስሙ በግርጌ ማስታወሻ ይቀር ነበር። እሱ ግን ወደ ዝርዝሩ ገባ። በጥንቸሎቹ አኦርታ ግድግዳ ውስጥ በቅባት ተሞልተው አረፋ የመሰሉ ሴሎችን አየ፤ እነዚህም ከደም የገቡ ነጭ የደም ሴሎች መሆናቸውን ተረዳ። ዛሬ በፈተና ላይ አረፋ ሴል ከምን ይመጣል ተብለን ስንጠየቅ ማክሮፌጅ ብለን የምንመልሰው ማለት ነው። ቅባቱ በየቦታው እኩል እንደማይቀመጥ፣ አኦርታው በሚቆለመምበትና ቅርንጫፎች በሚወጡበት አካባቢ እንደሚጀምር አስተዋለ። የደም ግፊት ከፍ ሲል ነገሩ እንደሚብስ አየ። ኮሌስትሮሉን ሲያቆምላቸው ከግድግዳው ቅባቱ ቀስ እያለ እንደሚቀንስ፣ ጠባሳው ግን እንደሚቀር አሳየ። ስለዚህ ኮሌስትሮል ብቻውን ሁሉን ነገር ያደርጋል አላለም። ግፊቱም፣ የቧንቧው ሁኔታም፣ ጊዜውም ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን ኮሌስትሮል ከሌለ በሽታው አይኖርም የሚል አቋም ያዘ። ይህ አቋም መቶ ዓመት አልፎት ዛሬም አልወደቀም።

እዚህ ላይ የእኛን ቤቶች የሚመለከት ነገር አለ። ከጥንቸሎቹ ታሪክ ሰው ሁሉ የያዘው እንቁላሉን ነው። በማኅበረሰባችን ኮሌስትሮል ሲባል የሚታሰበው ሳህን ላይ ያለው ነገር ነው፤ ክትፎው፣ ቅቤው፣ አስኳሉ። ጥንቸሎቹ የመሰከሩት ግን ስለ ሳህን አልነበረም፤ ስለ ደም ነው። ጥንቸል ሣር በል ስለሆነች ኮሌስትሮል ስትበላ የምታስወግድበት መንገድ ጠባብ ነው፣ ደሟ ውስጥ ይጠራቀማል። ሰው እንደዚያ አይደለም፤ ከደማችን ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው የራሳችን አካል ነው፤ በምግብ የሚገባው ኮሌስትሮል የሚጨምረው ከሰው ሰው ቢለያይም ለብዙዎቻችን ያን ያህል አይደለም። (ቅቤው ግን በዚህ ነጻ አልወጣም፤ የእሱ ዓይነት ቅባት ጉበታችን ኮሌስትሮሉን ከደም እንዳያነሣ ያደርገዋል።) ወደ ደም በየትኛውም በር ይግባ፣ ቧንቧውን የሚያሳምመው በደም ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየው መጠን ነው።

ይህን የምጽፈው ለአጎቴ ስል ጭምር ነው። አጎቴ ቀጭን ነው። ጾሞቹን ሁሉ ይጾማል፤ በዓመት ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠውን ቀን ሥጋም ወተትም እንቁላልም አይነካም። ሐኪሙ ኤልዲኤልህ በጣም ከፍ ብሏል ብሎ ስታቲን ሲያዝለት ሰውየው የሌላ ሰው ወረቀት ነው ያነበበው ብሎ ተቆጣ። ኮሌስትሮል የወፍራምና የሥጋ በል ሰው በሽታ ነው ብሎ ስለሚያምን፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ሳይከፈት ከቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። አባቱ፣ ማለትም አያቴ፣ ገና ጎልማሳ ሳሉ ነው በድንገት ያረፉት። እኔ ለአጎቴ የነገርኩት ስለ ሌላ ጥንቸል ነው። በ1973 በጃፓን ዮሺዮ ዋታናቤ የሚባል ተመራማሪ ተራ የጥንቸል መኖ እየበላች ደሟ ውስጥ ኮሌስትሮል የሞላ አንዲት ጥንቸል አገኘ። ዘሯን አራባው። እንቁላል በአፋቸው ሳይዞር ደም ቅዳቸው ይታመም ነበር፤ ኤልዲኤልን ከደም የሚያነሣው የጉበት መያዣ በዘር ተበላሽቶባቸው ነው። በሰውም ላይ ይህንኑ የሚመስል፣ በቤተሰብ የሚወረድ ችግር አለ። አጎቴ ዝም ብሎ ሰማኝና፣ ጥንቸሎቹ ታዲያ መድኃኒት ተሰጣቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ ተሰጣቸው አልኩት። ለሚቀጥለው ቀጠሮ አብሬው እንድሄድ ነግሮኛል፤ የአስተርጓሚ ነገር ሲመጣ ነርሲንግ መማር ከቤተሰብ ማምለጫ እንደሌለው ታውቃላችሁ።

ስለ አስተርጓሚነት ካነሣሁ አይቀር፤ በአማርኛ የልብ ድካም ስንል አንዳንዴ ልብ ደም መርጨት አቅቶት መድከሙን፣ አንዳንዴ ደግሞ ኸርት አታክን ማለታችን ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። አኒችኮቭ ያጠናው ወደ ሁለተኛው የሚወስደውን መንገድ ነው።

ታዲያ ነገሩ በ1913 ከታወቀ፣ ዓለም እስኪያምነው ድረስ ለምን ይህን ያህል ቆየ? አንዱ ምክንያት ጦርነት ነው። አኒችኮቭ በእነዚያ ዓመታት ወደ ጀርመን ሄዶ በፍራይቡርግ ከታላቁ ፓቶሎጂስት ሉድቪግ አሾፍ ዘንድ ይሠራ ነበር፤ በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ወደ አገሩ ተመለሰ፣ ቁስለኛ በሚያመላልስ የሆስፒታል ባቡር ላይ ሐኪም ሆኖ አገለገለ። ቀጥሎ አብዮቱ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ፣ ረሃቡ መጣ። ጀርመንኛ የማያነብ ሰው ሥራውን አላነበበውም።

ዋናው ምክንያት ግን አይጥ ናት። ሌሎች ላቦራቶሪዎች ሙከራውን በአይጥና በውሻ ደገሙት፤ ምንም አልታየም። ስለዚህ ብዙዎቹ ይህ የጥንቸል ጉዳይ ነው፣ ሣር በል እንስሳ ሥጋ በል ሲያደርጓት ብትታመም ምን ይገርማል ብለው ፋይሉን ዘጉ። መልሱ እዚያው ፊታቸው ነበር። የአይጥና የውሻ ጉበት የገባውን ኮሌስትሮል ወደ ሐሞት አሲድ ቀይሮ ያስወግደዋል፤ ደማቸው ውስጥ ያለው መጠን እምብዛም ከፍ አይልም። ከፍ ካላለ ደግሞ አኒችኮቭ የተናገረለት ነገር በእነሱ ላይ አልተሞከረም ማለት ነው። የበሉትን እንጂ በደማቸው ያለውን የጠየቀ ሰው ጥቂት ነበር። ይህችው አይጥ ከብዙ ዓመት በኋላ ሌላ ጥፋት ልትሠራ ነበር። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ ከሻጋታ የመጀመሪያውን ስታቲን ሲያገኝ፣ መድኃኒቱ በአይጥ ላይ የደም ኮሌስትሮልን አልቀንስ ብሎ ሥራው ሊጣል ደርሶ ነበር። ያተረፈው በዶሮ ላይ መሞከሩ ነው፤ ዕለት ዕለት እንቁላል የምትጥል ዶሮ ኮሌስትሮል ትሠራለችና። በእሷ ላይ ሠራ። ከዚያ የመጣው መድኃኒት በ1987 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በ1994 ደግሞ በስካንዲኔቪያ 4,444 የልብ ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት በስታቲን ሞት በ30 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ከጥንቸሎቹ እስከዚህ 81 ዓመት ነው። በዚያ መካከል ስንት ሰው እርጅና ነው እየተባለ እንደሄደ አስቡት።

አኒችኮቭ በበኩሉ በ1920 በፔትሮግራድ የሙከራ ሕክምና ተቋም የፓቶሎጂ ክፍል ኃላፊ ሆነ፤ የፓቭሎቭ ውሾች የነበሩበት ተቋም ይህ ነው። ጎን ለጎን በወታደራዊው አካዳሚ ያስተምር ነበር። ከተማዋ ሌኒንግራድ ስትባልም እሱ አልተንቀሳቀሰም። በደርግ ዘመን ሌኒንግራድ ከተማሩ አባቶችና እናቶች የተወለዱ አንባቢዎቻችን ጥቂት አይደሉም፤ ወላጆቻችሁ የሚያወሩላችሁ የዚያ ብርድ ከተማ ነው። የሥራ ባልደረባው ሴቮሎድ ዚንዘርሊንግ የልጆችን አኦርታ መርምሮ በ1925 ባሳተመው ጥናት የቅባቱ ጭረት በሕፃንነት እንደሚጀምር አሳየ። ይህን ሳነብ ቆም ብዬ ነበር፤ በእኛ ዕድሜ ያለን ሰዎች ነገሩ የወላጆቻችን ብቻ ይመስለናልና። በ1933 ደግሞ አኒችኮቭ የሃያ ዓመት ሥራውን ጠቅልሎ የጻፈው ምዕራፍ በኒው ዮርክ በታተመ ትልቅ መጽሐፍ ላይ በእንግሊዝኛ ወጣ። ያም ሆኖ ብዙ ጆሮ አላገኘም።

አገሩ ግን አከበረችው። በ1939 የሳይንስ አካዳሚ አባል፣ በ1942 የስታሊን ሽልማት ተሸላሚ፣ በጦርነቱ መካከል የሕክምና አገልግሎት ሌተና ጄኔራል ሆነ፤ ከ1946 እስከ 1953 የሶቪየት ሕብረት የሕክምና ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ነበር። እነዚህን ማዕረጎች መደርደር ቀላል ነው፤ ዘመኑ ግን ቀላል አልነበረም። በ1950 ሁለቱ አካዳሚዎች በጋራ በጠሩት ስብሰባ ላይ የፓቭሎቭ ትምህርት በፊዚዮሎጂ ላይ እንደ ሃይማኖት ተጫነ፤ የፓቭሎቭ የራሱ ተማሪ ሊዮን ኦርቤሊ ሳይቀር ከኃላፊነቱ ተነሣ። በጃንዋሪ 1953 ደግሞ ታዋቂ ሐኪሞች፣ አብዛኞቹ አይሁድ፣ የመንግሥት መሪዎችን በሕክምና ሊገድሉ አሲረዋል በሚል የፈጠራ ክስ እስር ቤት መግባታቸው በጋዜጣ ታወጀ። አኒችኮቭ በሁለቱም ጊዜ ከወንበሩ ላይ ነበር። ስለ ጥንቸሎቹ ሲጻፍ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ እኔ መዘለሉ ተገቢ አይመስለኝም። በላቦራቶሪ ውስጥ ማስረጃ ካልተለየ ስም አይወጣም ያለ ሰው፣ ማስረጃ የሌለው ክስ በባልደረቦቹ ላይ ሲወጣ በዚያ ሥርዓት አናት ላይ ተቀምጦ ነበር። ሁለቱም የእሱ ሕይወት ነው።

ከዚያ ማርች 1953 መጣ። ስታሊን በጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ማርች 5 ቀን ሞተ። ለረጅም ዓመታት ያከመው ሐኪም ቭላዲሚር ቪኖግራዶቭ በዚያ ሰዓት እስር ቤት ነበር። የአስከሬን ምርመራው ሲደረግ ውጤቱን ከፈረሙት ሐኪሞች አንዱ የ67 ዓመቱ አኒችኮቭ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው በግራው የአንጎል ክፍል ደም መፍሰሱን፣ የደም ግፊቱን፣ በተለይም የአንጎል ደም ቅዳዎች አተሮስክሌሮሲስ የያዛቸው መሆኑን ነው። በ27 ዓመቱ በጥንቸል ላይ ያየውን ነገር፣ አገሩን ሁሉ ያስፈራ በነበረው ሰው ደም ቅዳ ላይ አገኘው ማለት ነው። ሐኪሞቹ በቀጣዩ ወር ተፈቱ።

በውጭው ዓለም ነገሩ መንቀሳቀስ የጀመረው ያኔ አካባቢ ነው። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ጆን ጎፍማን የአኒችኮቭን ሥራ አንብቦ፣ በከፍተኛ ፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ የደምን ቅባት በየዓይነቱ ለየ፤ በ1950 ያሳተመው ጥናት ኮሌስትሮል በደም ውስጥ ብቻውን እንደማይጓዝ፣ የተሸከሙት ቅንጣቶች ዓይነት እንደሚለያይ አሳየ። እሱም ኮሌስትሮል የበሉ ጥንቸሎችን ተጠቅሟል። ዛሬ ኤልዲኤል የምንለው ቁጥር የመጣው በዚህ መስመር ነው። በማሳቹሴትስ የፍራሚንግሃም ከተማ ነዋሪዎች ላይ ከ1948 ጀምሮ ሲካሄድ የነበረው ክትትል ደግሞ በ1961 ኮሌስትሮልና የደም ግፊት ከፍ ያለባቸው ሰዎች ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን ይፋ አደረገ። ግፊትና ኮሌስትሮል አብረው፤ ልክ በጥንቸሎቹ ላይ እንደታየው።

አኒችኮቭ ይህን ሁሉ በሕይወት ደርሶበታል፤ እስከ መጨረሻው በሌኒንግራዱ ተቋም እየሠራ ኖረ። ዲሴምበር 7 ቀን 1964 በ79 ዓመቱ አረፈ። የገደለው ኸርት አታክ ነው። በዚያው ዓመት የሕክምና የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ሰውነታችን ኮሌስትሮልን እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ ለገለጹት ለኮንራድ ብሎክና ለፌዮዶር ሊነን ነበር፤ ኋላ ስታቲን የሚዘጋው መንገድ ይኸው ነው። ሁለቱ በስቶክሆልም ሽልማታቸውን የተቀበሉት ዲሴምበር 10 ነው፤ አኒችኮቭ በሞተ በሦስተኛው ቀን።